ቁልቁለት ላይ የሰጠሁት ሰላምታ

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ሴት ልጅ ብስክሌት በማትነዳበት አገር ነው። ጅዳ ተወለድኩ፣ ጅዳ አደግኩ፣ የነዳሁት ግን እናቴ በምትሠራበት ግቢ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ ብቻ ነበር። መሬቱ እንደ ትሪ ለጥ ያለ ነው። ዞሬ ዞሬ እዚያው። ስለዚህ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከእናቴ ጋር ወደ ወሎ፣ መካነ ሰላም ስንገባ ብስክሌት አሳምሬ እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። ቁልቁለት የሚባል ነገር እኮ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!

«አገርሽ ገባሽ» ይሉኛል ሁሉም። ለእኔ ግን ውጭ አገር ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፣ እኔ ማንንም አላውቅም። አማርኛ እናገራለሁ፣ ፊደሉን ግን አልቆጠርኩም። ትምህርት ቤት ከትንንሽ ልጆች ጋር አስቀመጡኝ። በመጀመሪያው ቀን ደብተሬን በስተኋላው ገልጬ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ስጀምር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ይኸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቆመኝ ጠፍቷል።

ከሁሉ የከበደኝ ሰላምታው ነው። ጅዳ ከግቢ ስለማንወጣ ሰላም የምለው ሰው አልነበረኝም። እዚህ ግን ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ በሙሉ ሰላምታ ነው። ትቆሚያለሽ፣ ታጎነብሻለሽ፣ ቤተሰቡን ትጠይቂያለሽ፣ ከብቱን ትጠይቂያለሽ፣ ዝናቡን ትጠይቂያለሽ። እኔ «ሰላም» ብዬ ሳልፍ ሴቶቹ ምን ይሉ ነበር? «የዓረብ አገር ልጅ አንገቷ ብረት ነው፤ አይታጠፍም።»

ነገሩ እናቴ ጆሮ ደረሰ። ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝ።

«አንድ እጅ ለእኩያ ነው። ለትልቅ ሰው ሁለት እጅ! ከወገብሽም ዝቅ በይ። ሰው አታሰድቢኝ፣ ወላሂ።»

ቃል ገባሁ። ከበሩ መቃን ጋር ሳይቀር ተለማመድኩ። ሁለት እጅ፣ ዝቅ፣ «እንዴት ዋሉ?» በሩ ደህና ነበር።

በዚያ ሰሞን እርሻ ቢሮ የሚሠራው አጎቴ ሞተር ሳይክል ደረሰውና ብስክሌቱን ለእኔ ሰጠኝ። ጎረቤት ተንጫጫ፤ ሴት ልጅ በብስክሌት? እናቴ ግን «ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው» ብላ ዘጋችው። ብስክሌቱ ላይ ስወጣ ከተማው የእኔ ሆነ። እግሬን የሚይዘው ጭቃ ከጎማው በታች ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ መሆኔን ረሳሁት።

ከትምህርት ቤት ወደ ሠፈራችን ሲመጡ ከመስጊዱ በታች ረጅም ቁልቁለት አለ፣ ጠጠር የፈሰሰበት። ከቁልቁለቱ ጥግ፣ በረንዳው ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሲንገር የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ። ሠፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። አንድ የገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስወርድ ስፌታቸውን ትተው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ!»

ትልቅ ሰው ተነሥቶልኝ! መንገዱ ዳር ያሉት ሴቶች ሁሉ እያዩኝ! ምን ላድርግ? የተማርኩትን አደረግኩ። ሁለቱንም እጆቼን ከመሪው ለቅቄ ደረቴ ላይ አደረግኩና ከወገቤ ዝቅ አልኩ።

«ደህና ዋሉ አባ...»

ቀሪዋ «ባ» ቦዩ ውስጥ ነው ያለቀችው።

የቀኝ ጭኔ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ደሴ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ በእናቴና በአጎቴ ጭን ላይ ተጋድሜ የመንገዱን ድንጋይ አንድ በአንድ ቀመስኩት። ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አላወራም፤ ቀዶ ጥገናው፣ ጀሶው፣ ጣሪያውን እያዩ መዋል። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ አጥንቱ ጥሩ ገጥሟል አለ። «የቀረው ጉልበቷ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትጠፈው። ካልታጠፈ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይቀራል።»

ይህንን የሰማነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ጠያቂዎቻችን አልሰሙም። አብሽ ይዘው፣ እንቁላል ይዘው፣ ማር ይዘው ይመጣሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፤ «አላህ ያሽርሽ»፣ «እግዜር ይማርሽ»፣ ቤቱ ይሞላል። እኔ ጉልበቴን ልጠፍ ስል ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ።

«ኧረ ተይ! ተዘርጊ! አጥንቱ ይለቅብሻል!»

ከዚያ አራት አምስት እጅ እግሬን ቀስ አድርጎ ይዘረጋዋል፣ ከሥሩም ትራስ ይደረጋል። እንግዳን አትንኩኝ ማለት ነውር ነው። በፍቅር አደረቁኝ! ክራንች ይዤ መቆም ስጀምር ጉልበቴ በጭራሽ እንቢ አለ።

እናቴ ብስክሌቱን ከጣሪያው አግዳሚ ላይ በገመድ ሰቅላዋለች። አውርጂልኝ ስላት እጇን አነሣች።

«ወላሂ፣ በርጩማ ላይ ሳይሆን እንደ ሰው እግርሽን አጥፈሽ ተቀምጠሽ ስትሰግጂ ሳላይ ይህ ብስክሌት መሬት አይነካም።»

በዚያን ጊዜ የምሰግደው በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን እንደ ግንድ ወደ ፊት ዘርግቼ ነበር። በየሶላቱ ቀና ስል ብስክሌቱን አየዋለሁ። አስተግፊሩላህ።

ልብስ ሰፊው አባባ አንድም ቀን ሳይጠይቁኝ አልዋሉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው እግሬ ሥር ይቀመጣሉ። «የሰበረሽ የኔ አፍ ነው» ይላሉ። «ግን አብሽሪ። እኔ ለእመቤቴ በኔ በኩል ነግሬያለሁ፤ እናትሽም በሷ በኩል ትንገር።»

እናቴ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ልትሸጥ ስትወጣ ብቻዬን እንዳልሆን እሳቸው በረንዳ ላይ ታስቀምጠኝ ጀመር። እዚያ ቁጭ ብዬ ያየሁት ነገር አንድ ነው፤ የአባባ እግር። መርገጫውን ይረግጣሉ፣ እግራቸው ይወርዳል፣ ይወጣል። ጉልበታቸው ይከፈታል፣ ይታጠፋል። ቀኑን ሙሉ!

«አባባ፣ እኔ ልርገጠው?»

«ምኑን?»

«ሲንገሯን።»

«አይሆንም። አንድ ጊዜ ሰብሬሻለሁ፣ ይበቃኛል።»

«አጥንቴ እኮ ገጥሟል። ሐኪሙ ጉልበቷን ትጠፈው ብሏል።»

«የሰው ልብስ ታበላሺብኛለሽ።»

«ክሩን ያውጡት!»

እግሬን አዩ፣ መርገጫውን አዩ። ከዚያ ክሩን አወጡና መቀመጫቸውን ለቀቁልኝ። የመጀመሪያው ቀን መርገጫውን ለማንቀሳቀስ ጉልበቴን በሁለት እጄ መግፋት ነበረብኝ። እንባዬ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል፣ አባባ ደግሞ ወደ መንገዱ ዞረው የማያዩ ይመስላሉ። ሰንብቶ በእጄ መግፋቱ ቀረ። ወንበሩን ወደ መርገጫው ባስጠጋሁት ቁጥር ጉልበቴ የበለጠ ይታጠፋል፤ እኔም በየሳምንቱ አስጠጋዋለሁ። ጠያቂዎቼ እዚያ መጥተው «ተዘርጊ» ሊሉኝ አልቻሉም፤ ሥራ ላይ ነኛ!

አንድ ቀን አባባ ክሩን መልሰው ከተቱት። ሱሪ ሰጡኝ። ሰፋሁ፣ ሰፋሁ፣ ደስ እያለኝ ሰፋሁ። ባለቤቱ ገበሬ ሊወስድ መጣና ሱሪውን ወደ ላይም ወደ ታችም አገላበጠው።

«አባባ፣ ይሄ እግር በየት ነው የሚገባው?»

የእግሩን ቀዳዳ ዘግቼ ሰፍቼዋለሁ! አባባ ሳይስቁ፣ «ፋሽን ነው፤ ከዓረብ አገር የመጣ ነው» አሉት። በረንዳው በሳቅ ተናጋ። የተሰፋውን ስተረትር ዋልኩ፤ እግሬ ግን መርገጡን አልተወም።

ከዚያ ያ የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት መጣ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በርጩማውን ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ግንባሬን መሬት ካስነካሁበት ሱጁድ ስነሣ ጉልበቴ እንደ እሳት ነደደ፣ ቀጭ አለ፣ እኔም ቢስሚላህ ብዬ ተቀመጥኩበት። ተረከዜ ከሥሬ ሆነ። የራሴ ተረከዝ! መቀመጤን ማመን አቅቶኝ ዱአውን አስረዘምኩት። ሶላቱን ልዘጋ ወደ ቀኝ አሰላመትኩ። ወደ ግራ ሳሰላምት እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሳፋዋን እንደያዘች።

ሳፋውን አስቀመጠች፣ በርጩማውን ስባ ወጣችበትና የብስክሌቱን ገመድ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ስለጠበቀባት የፈታችው በጥርሷ ነው።

«ዳገቱን ጀምሪ» አለችኝ አውጥተን መንገድ ላይ ስናቆመው። «ዳገት ላይ ወድቆ የተሰበረ የለም።»

ያ የሰበረኝ ቁልቁለት ከታች ሲወጡት ዳገት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ብስክሌቱን እየገፋ ነው የሚወጣው። ኮርቻው ላይ ወጣሁ። የግራው ፔዳል ወረደ፣ የቀኙ ወጣ፣ ጉልበቴ ወደ ደረቴ መጣ፣ መጣ፣ ያዘ... አለፈ! ዞረ! ሁለተኛም ዞረ! እናቴ ከኋላዬ ሻርፗ ወልቆ አንገቷ ላይ ወርዶ በሩጫ ትከተለኛለች። አባባ ሲያዩኝ ብድግ ሊሉ ነበር፤ ወዲያው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሰላም እንዳትሏት!» አሉ ለደንበኞቻቸው። «ማንም እንዳይተነፍስ!»

መንገዱ በሙሉ ጸጥ አለ። አንድም ሰው ሰላም ያላለኝ ያኔ ብቻ ነው፤ እንደዚያን ቀን የተወደድኩበት ቀንም የለም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ እየሳቅኩ፣ እግሬን መሬት ሳላስነካ መስጊዱ ጋ ደረስኩ። ከታች እልልታ ሰማሁ። እናቴ እያለከለከች ደርሳ መሪውን ያዘች።

«ነገ ትምህርት ቤት በዚህ ልትሄጂ ነው?»

«በዚህ ነው።»

«እንግዲያው አጎትሽ ፍሬኑን ይየው።»

አጎቴ ማታ መጥቶ ፍሬኑን አየ። ደህና ነው አለ። ከዚያ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«በዚህ ነው ዳገቱን የወጣሽው? ይሄ እኮ ነፋስ የለውም!»