ማንንም ሳይጠይቅ የሚከፈተው አድራሻ

በ2007 ዓ.ም. በጥቅምት ነው፤ ገብስ ደርሶ ገጠሩ ሁሉ አጨዳ ላይ የነበረበት ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያችን ቀን ግን አልረሳትም። አሥራ አራት ዓመት የደበቅሁት ነገር በአንድ ቀን ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ውስጥ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች በሚረዳ አንድ ትንሽ ማኅበር መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ልጄ ማኅሌት ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አባት ስለሌላት እሷም ከሚረዱት ልጆች አንዷ ናት።

ማኅሌትን አልወለድኋትም። የወለደቻት እናቷ ስማዳ ውስጥ ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ ሞተችባት። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልነበረንም፤ ተቀብለን ክርስትና አስነሣናት። ባለቤቴ ሲያርፍ መካነ ኢየሱስ የነበረንን ቤት ትቼ ወደ ንፋስ መውጫ የመጣሁት ጎረቤት እንዳይነግራት ብዬ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ልጅቱ አደገች።

በዚያ ዓመት ክረምት የልጆቹ ፋይል ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ። የእስቴና የስማዳ ሠራተኞች ካሉበት ሆነው እንዲያዩት ነው። ወረቀቱን አንድ በአንድ ስካን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የማኅሌት ፋይል ሲደርስ ገልጬ አየሁት። የእናቷ ስም፣ የሞተችበት ቀበሌ፣ እኔ ልጅቱን የተረከብሁበት ፊርማ፣ ሁሉም አለበት። ላስቀረው አማረኝ። የሰውን ልጅ ፋይል አስገብቼ የራሴን መደበቅ ግን ነውር መሰለኝ። አስገባሁት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። የኢንተርኔት አድራሻውን የጻፈ ሁሉ ፋይሎቹን ያያቸዋላ! ኮምፒውተሩን የምትሠራልን ሰብለ የምትባል ባለሙያ ነበረች። እሷንም ይኼው አሳስቧት ኖሮ በጥቅምት በአንዱ ሰኞ መጥታ በር ሠራችለት።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። "እትዬ ዘነቡ፣ ሰነዶቹን የያዘው ፕሮግራም የዋህ ነው። የጠየቀውን ሁሉ ያሳያል። ስለዚህ ከፊቱ በረኛ አቁሜለታለሁ። ከውጭ የመጣ ሁሉ በሱ በኩል ያልፋል። በረኛው ደግሞ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ የመግቢያ ሰርቨር 'ይኼ ሰው ይግባ?' ብሎ ይጠይቃታል። ስሙንና የይለፍ ቃሉን በትክክል ከሰጠ ታስገባዋለች። ካልሰጠ ትመልሰዋለች።"

"ተማሪ ቢመጣስ?" አልኋት።

"ተማሪ የሚያየው ደብተር የሚሰጣቸውን ልጆች የስም ዝርዝር ብቻ ነው። እሱን ለሁሉም ክፍት ትቸዋለሁ። ፋይል ግን አይከፈትለትም።"

ያን ቀን መድኃኔዓለምን አመስግኜ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት የማኅበሩ ኃላፊ የደብተሩ ዝርዝር የሚታይበትን አድራሻ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንድለጥፍ አዘዘኝ። ሰብለ በክረምት ለሁላችን ጽፋ የሰጠችን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከሱ ላይ በትልልቁ ገለበጥሁና ሄጄ ለጠፍሁ። በረኛው ከቆመ በኋላም ያው አድራሻ መስሎኝ ነው።

ረፋዱ ላይ የስማዳው ሠራተኛችን መሪጌታ መጡ። ደብዳቤ ሊያደርሱ ነው የመጡት። ኮምፒውተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍተው፣ ሥራዋን ልታይ የመጣችውን ሰብለን ይቀልዱባት ጀመር።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት በረኛ ነው ያቆምሽው? እኔን እስከ ዛሬ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝ።"

"የይለፍ ቃልዎን አስቀምጦልዎት ይሆናላ፣ መሪጌታ።"

"የቱን የይለፍ ቃል? ይዠም አላውቅ። ጥምጣሜን እያየ 'ይለፉ አባቴ' ይለኛል መሰለኝ።"

ሁላችንም ሳቅን። ሰብለ እየሳቀች ጎንበስ ብላ አየችና ሳቋ ጠፋ።

"ይችን አድራሻ ማን ሰጠዎት?"

"አንችው ነሻ! በክረምት ጽፈሽ።" ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። አድራሻው መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ።

ሰብለ ራሷን ያዘች። "ይኼ ቁጥር በረኛው ጋ ሳይደርስ በቀጥታ ሰነዶቹ ላይ ነው የሚያስገባው። ከፊት በረኛ አቆምሁ እንጂ በዚህ በኩል ያለውን አልዘጋሁትም። ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

የኔን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። ጠዋት የገለበጥሁት ከነቁጥሩ ነው።

"በዚህ የገባ ሰው የዝርዝሩን ስም ቢነካ ፋይሉ ይከፈትለታል?" አልኋት።

"ይከፈትለታል፣ እትዬ።"

ማስታወቂያው እንዴት እንደተለጠፈ ነገርኋትና ወጣሁ። ባጃጅ አጣሁ። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት፤ መንገድ ዳር ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ። ስደርስ ተማሪዎች ለዕረፍት ወጥተዋል። ሰሌዳውን ከበውታል። በመካከላቸው ገብቼ ወረቀቱን ነቀልሁት።

"እማማ፣ እኛ ሳናየው?" አለችኝ አንዷ። የማኅሌት ጓደኛ ናት።

"ስሕተት አለበት፣ ልጄ።"

"ማኅሌት እኮ ቅድም በኔ ስልክ ከፍታው ነበር። ስሟን አግኝታዋለች።"

"ከዚያስ?"

"እኔንጃ፣ ስልኩን ለሷ ትቼላት ነበር። ኔትወርኩ ተንቀራፈፈባት መሰለኝ። የጠዋቱ ደወል ሲደወል መልሳልኝ ክፍል ገባች።"

ማኅሌትን ከክፍል ላስጠራት አሰብሁ። ምን ብዬ እንደምጠይቃት አጣሁና ተመለስሁ።

ቢሮ ስደርስ ሰብለ ጨርሳ ነበር። "ዘግቼዋለሁ። ከእንግዲህ ሰነዶቹ ከበረኛው በቀር ከማንም ጥያቄ አይቀበሉም" አለች። መሪጌታም ደጋግመው ሞከሩት፤ አልከፍት አላቸው። ቀጥላ ማን ገብቶ እንደነበር የሚመዘግበውን ገጽ አየች። ከማስታወቂያው ወዲህ ዝርዝሩን ያየ አንድ ስልክ ነው። በዚያው ስልክ አንድ ፋይል ተጠይቋል። የፋይሉን ቁጥር ስትጠራው አወቅሁት። ስካን ሳደርግ በማኅሌት ፋይል ላይ በእጄ የጻፍሁት ቁጥር ነው።

"ደርሷት ይሆን?"

"ከዚህ መላኩን አያለሁ። ስልኩ ላይ ደርሶ መከፈቱን ግን ማወቅ አልችልም። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ዘነቡ።"

አለቀስሁ። የተቆጣሁ እንዳይመስላት እጇን ያዝሁት። ስሕተቱን ደብቃ ዘግታው ብትሄድ ኖሮ እኔ ምን አውቄ?

መሪጌታ ቀልዳቸውን ትተው ኮምፒውተራቸውን ዘጉ። ነገሩን ማንም አልነገራቸውም፤ ገብቷቸዋል።

"ዕድሜዋ ስንት ሆነ?" አሉኝ።

"አሥራ አራት።"

"አንቺም ደክሞሻል። በቃሽ፤ ሸክሙን አውርጅው።"

ከዚያ በላይ አልተናገሩም። መርቀውኝ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ማኅሌት ከትምህርት ቤት ወደ ቤት መጣች። እንደ ሁልጊዜው ስማኝ ደብተሯን አስቀመጠች። ሽሮ ሠርቼ ነበር፤ በላች። ስለ ባዮሎጂ ፈተና አወራችኝ። ፊቷን ሳየው አመሸሁ ማለት ይቻላል። ያየች መሰለኝ። ደግሞ ያላየች መሰለኝ።

"ደብተር ደርሶኛል፣ እማዬ" አለች።

"እሰይ" አልሁ።

"ምነው? አሞሻል?"

"ደክሞኝ ነው።"

እውነቴን ነው የነገርኋት። ልጅቱን ማሳደግ አላደከመኝም። አሥራ አራት ዓመት የሰው አፍ ስጠብቅ፣ ከዘመድ ስሸሽ፣ ወረቀት ስደብቅ ነው ያለቅሁት። በረኛው እኔ ነበርሁ።

ማኅሌት ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። ያን ቀን ፋይሉን ማየት አለማየቷን ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም አላነሣችብኝም። ሰብለን በጸሎቴ አልረሳትም፤ መሪጌታንም። ከሁሉ በላይ ግን እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ። ልጄ ከእኔ አፍ እንድትሰማ አንድ ሌሊት ጨምሮልኛል።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አስደርሼ ስመለስ ማኅሌት የደንብ ልብሷን ለብሳ ጫማዋን ታስር ነበር።

"ዛሬ ትምህርት ቤት አትሄጅም። ስማዳ እንሄዳለን" አልኋት።

"ስማዳ ማን አለን?" አለች።

አጠገቧ ተቀመጥሁና የእናቷን ስም ነገርኋት።