ከኬላው በፊት የሚወርዱት

ቡርቱካን ማንጎዋን ከመርሳ ጭና ወልድያ የምትሸጠው ከአሚና ጋር ነበር። በአንድ ግቢ ተከራይተው አርጅተዋል፤ አንዷ ቤተ ክርስቲያን ስትስም የሌላዋ ዓይን ልጆቹ ላይ ነው፤ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ድስቷን ደጅ አታወጣም።

በዚያ መስመር ሚኒባስ ሁልጊዜ ከልኩ በላይ ይጭናል። ወንበር ያልደረሰው ሰው በርጩማ ላይ ተኮራምቶ ይመጣና፣ ወልድያ መግቢያ ካለው የትራፊክ ኬላ በፊት ወርዶ በአስፋልቱ ጠርዝ በእግሩ ያልፋል። ሾፌሩ ከኬላው ማዶ ጠብቆ መልሶ ይጭነዋል። ይህን እንደ ጥፋት የሚያይ አልነበረም፤ የሚወርደው ሰው ራሱ «ምስኪን፣ በእኛ ምክንያት እንዳይቀጣ» እያለ ለሾፌሩ ያዝን ነበር። ሁለቱ ሴቶችም ተራ ገብተው ነበር፤ ዛሬ አንዷ ብትወርድ ነገ ሌላዋ ናት።

የዚያን ዕለት ተራው የቡርቱካን ነበር። ጉልበቷ ግን አብጦ አድሯል።

«በሉ እትዬ ቡርቱካን፣ የስፖርት ሰዓት ደርሷል!» አለ ሾፌሩ ንጉሴ፣ መኪናውን ከዳር እያስጠጋ። ተሳፋሪው ሳቀ።

«ተዋት እቴ፣ ይችን ቡርቱካን ብትገፋት ትፈርጥብሃለች» አለች አሚና፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወንበሯን ለቀቀችላት።

«ተራው የእኔ ነው እኮ።»

«ነገ ሁለቴ ትወርጃለሽ፤ አልለቅሽም።»

ከኬላው ማዶ ቆመው ሲጠብቁ ቡርቱካን ቅር አላት። «ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ወሬ ገጥማ ይሆን?» ብላ አጉረመረመች። ወዲያው ሰዎች ወደ ኋላ ሲሮጡ አየች። አንድ አይሱዙ ሌላውን ሊቀድም ሲል ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ አሚናን ገጭቷት ነበር።

ፖሊስ «እግረኛ» ብሎ ጻፋት። በለቅሶው ድንኳን ንጉሴ መጥቶ ከቡርቱካን አጠገብ አጎንብሶ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እግረኛ ነበረች ይበሉ። ውሸት አይሆንም፤ በእግሯ ነበር የምትሄደው። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ቡርቱካን ዝም ብትል አሚና በገዛ ቸልተኝነቷ የሞተች መንገደኛ ሆና ልትቀር ነው፤ ሌሎችም እንደ እርሷ መውረዳቸውን ሊቀጥሉ ነው። ከሰልስቱ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። «ተሳፋሪ ነበረች» አለች። «መውረድ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ቃሏ ተሰማ። ንጉሴ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ። ተሳፋሪ መነኻሪያ ላይ ይቆጠር ጀመር፤ ትርፍ የጫነ ታርጋው ይፈታል ተባለ፤ ከመርሳ መውጫም ሌላ ኬላ ቆመ። ቡርቱካን ደረቷ ለጥቂት ቀናት ቀለል አላት።

መኪናው ግን አልተጨመረም። ገበያተኛው ከነሸክሙ መንገድ ዳር እየቀረ ሄደ፤ ሾፌሮችም ቡርቱካንን ሲያዩ በሩን ይዘጋሉ። «እርሷን መጫን ፖሊስ መጫን ነው» ይባባላሉ። ማንጎው በከረጢት ውስጥ ላበው፣ ጠቆረ። አብረዋት ይነግዱ የነበሩት ሴቶች ሰላምታዋን በከንፈር ብቻ ይመልሱ ጀመር፤ አንዷማ «ሟቿን አላስነሣች፤ እኛን ግን ከገበያ አስቀረችን» አለች፣ እንድትሰማ አድርጋ።

በመጨረሻ ወልድያ መሄዷን ትታ፣ ከመርሳ መውጫው ኬላ አጠገብ ዘርግታ በማንኛውም ዋጋ መሸጥ ያዘች።

አንድ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ከኬላው በፊት፣ ከመታጠፊያው ላይ ቆመ። ሰዎች ወረዱ። ከመካከላቸው የእናቷን ከረጢት በጀርባዋ ያዘለች ልጅ ነበረች፤ የአሚና ታላቅ ልጅ ሰዓዳ።

ቡርቱካን ብድግ አለች። «ሰዓዳ! አንቺ ልጅ፣ ተመለሽ! በእናትሽ አምላክ!»

ልጅቱ ደንግጣ ጠጋ አለቻት። «እትዬ ቡርቱካን፣ አይጩሁ፣ ባክዎን። ትራፊኩ ይሰማል።»

«ይስማ!»

«ከሰማ ነገ ማን ይጭነኛል? ካልወረድኩ ወንበር የለኝም። ወንድሞቼ ምን ይብሉ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ተመለሰች። ከኋላዋ የጭነት መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ወደ ጠጠሩ ዘለለች፤ ከዚያም መንገዷን ቀጠለች።

ትራፊክ ፖሊሱ ጩኸቱን ሰምቶ ዞረ። «እማማ፣ ምን ሆኑ?» አለ።

ቡርቱካን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ምንም፣ ልጄ» አለችው፤ የበሰበሰውን ማንጎ ከደህናው ልትለይ ጎንበስ አለች።