በገዛ ፈቃዳችን

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ወረቀቴ ላይ ስታሳርፈው ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ያ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ስፒርት ስፒርት የሚለው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝሁ። ልጅቱ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ያመመኝ ነገር ዕድሜው ከእሷ እንደሚበልጥ እንዴት ብዬ ልንገራት? ለአንተ ግን ልንገርህ።

ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ላሊበላ። አባቴ ከትግራይ ድንጋይ ሊጠርብ መጥቶ እዚያው የቀረ ካቶሊክ ነበር። እናቴ የላስታ ባላገር ልጅ ናት፤ ስታገባው በእሱ ሃይማኖት ቆረበች። በዚህ የተነሣ ዘመዶቿ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጡም ይባላል። እኔ ስወለድ ግን ቅቤና ማር ተሸክመው መጡ። ያገሬ ሰው በሃይማኖት ይኮራረፋል እንጂ ከአራስ ቤት አይቀርም።

ቁምስናችን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ማለት ነው፣ በዚያ አገር ወግ ክብ ሆኖ በቀይ ድንጋይ የተሠራ አንድ ቤት ነበር። አባቴ ከምእመናኑ ጋር ሆኖ ነው የገነባው። ቅዳሴያችን በግዕዝ ስለ ሆነ፣ ከበታች ባለው መንገድ የሚያልፍ እንግዳ ዜማውን ሲሰማ የኦርቶዶክስ ደብር መስሎት ተሳልሞ ያልፍ ነበር። ሕፃን ሽማግሌው ተቆጥሮ ሃያ ሦስት ነን። ቄሳችን፣ አባ ነው የምንላቸው፣ በወር አንዴ ከጋሸና በእህል መኪና ላይ ተጭነው፣ ጋቢያቸው አቧራ ጠጥቶ ይመጣሉ። በቀሩት እሑዶች መቁጠሪያ የምታስደግመን እናቴ ነበረች። አባቴ ካረፈ ወዲህ የቤቱን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት፤ በሥራ ቀን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከመርፌና ከጥቅል ክር ጋር ይተኛል።

አብዮቱ ሲመጣ መጀመሪያ ማንም አልነካንም። ከዚያ «መጤ ሃይማኖት» የሚል ቃል በስብሰባ ይሰማ ጀመር። ቀጥሎ «የኢምፔሪያሊዝም ጆሮ» ተባልን። እናቴ ሽታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ዕጣን ማጤሱን ተወች። ዜማው ወደ ንባብ፣ ንባቡ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ ጡቷን አፉ ውስጥ ትወትፍ ነበር፤ ራበውም አልራበውም። ዝም ማለት እንደዚያ ነው የሚለመደው፤ በትንሽ በትንሹ።

እኔ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገኝ፤ እኔም አልጠላሁትም። ደሴ የመምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበርና፣ ጎንበስ ቀና እያልሁ ማገልገል ይጠቅመኛል ብዬ ነው። ሊቀመንበሩ ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። ድሮ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ከኮረብታው ሥር ጉባኤ ዘርግተው ከሚያስተምሩት መሪጌታ ዘንድ ዜማ ተምሯል። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። ግን በድርቅ ዓመት እህል በሌሊት ለድሆች ሲያከፋፍል አይቼዋለሁ። የበላይ አካል ትእዛዝ ሲመጣለት ብቻ ፊቱ ይለወጣል፤ ሌላ ሰው ይሆናል።

አንድ ሐሙስ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የእኔ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር፤ በታይፕ የተጻፈ፣ ማኅተም ብቻ የቀረው። ማኅተሙም አጠገቡ ነበር።

«ብዕርሽን አውጪ» አለና ያስጽፈኝ ጀመር። «እኛ ከዚህ በታች ስማችን የተዘረዘረው የካቶሊክ እምነት ተከታዮች የጸሎት ቤታችንን በገዛ ፈቃዳችን ለቀበሌው የንባብ ቤት እንዲሆን አስረክበናል...»

ጻፍሁ። ከዚያ «ስም» አለኝ።

«የምን ስም?»

«የሁሉንም። አንቺ ታውቂያቸው የለ?»

እነሱ ዝርዝሩ አልነበራቸውም፤ ገባህ? ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ በወሬ እንጂ በወረቀት አያውቁም። ከገጠር በጨለማ ተነሥተው የሚመጡ ሦስት ገበሬዎች ነበሩ፤ ጎረቤት እንኳ የማያውቃቸው። ብዕሬ ቆመ። እሱ አልተቆጣም። ማኅተሙን አንሥቶ በመዳፉ ውስጥ እያገላበጠ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

«ስም ብቻ እኮ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሃያ ሦስቱንም ጻፍሁ። ሦስቱን ገበሬዎችም። እናቴንም፤ ራሴንም።

ደብዳቤዬን ግን አላተመልኝም። «ከእሑድ በኋላ» አለኝ። የእሑዱ ስብሰባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንዲሆን ተለፍፏል፤ በቅዳሴያችን ሰዓት ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አባ መጡ። ለእናቴ ምንም አልነገርኋትም። ማታ እራት አቀረበች፤ የበላሁት ሽሮ አፌ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይል ነበር። እናቴ አባን «ከስብሰባው በፊት በንጋት ብንቀድስስ?» አለቻቸው። አባ ጥቂት አሰቡና «እግዚአብሔር ማልዶ ይነሣል» አሏት። እኔም በልቤ፣ እንግዲያውስ ከስብሰባው በፊት ይጨርሳሉ፤ ማንም አያያቸውም ብዬ ራሴን አታለልሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁላችንም ቤቱ ውስጥ ነበርን። ብርሃኑ ከምሥራቅ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ገብቶ ድንጋዩን ሮዝ አድርጎታል። ገበሬዎቹ የጤዛ ሽታ ይዘው ገብተው ከግድግዳው ሥር ቆመዋል። አባ ኅብስቱን ገና ሲባርኩ ከውጭ የቡትስ ኮቴ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። የማንም ራስ አልዞረም። አባ ቃሉን አላፈጠኑም፤ አላዘገዩም።

በሩ ተከፈተ። አምስት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ናቸው፤ የለበሱትን ካኪ የሰፋችላቸው እናቴ ናት። አራቱ ደፉ ላይ ቆሙ። አምስተኛው፣ ልጅ እግር ነው፣ ወደ ውስጥ ሊገባ አንድ እግሩን አነሣና ቆመ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ከኋላው ያለው በጠመንጃው ሰደፍ ወገቡን ጎሰም አደረገው። ያም ሆኖ ጫማውን ሳያወልቅ አልገባም። እስከ ዛሬ የዚያ ልጅ ባዶ እግር በዓይኔ ላይ ነው።

ቅዳሴውን አስጨረሱን። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም። ምናልባት ማቋረጡን የሚደፍር ከመካከላቸው አልተገኘ ይሆናል። ሲያበቃ «ሁላችሁም ወደ ስብሰባ» ተባልን። አባ «ልብሰ ተክህኖዬን እንዳወልቅ ፍቀዱልኝ» ቢሏቸው ከለከሏቸው። ሕዝብ እያየ፣ በቅዳሴ ልብስ፣ በአቧራው መንገድ ወሰዷቸው።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። መሪጌታው ከደብሩ ካህናት ጋር ፊት ለፊት በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሊቀመንበሩ መፈክር አሰማና ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ።

«ጓድ ጸሐፊ ታነባለች።»

አነበብሁ። «በገዛ ፈቃዳችን» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ቀጠልሁ። ስሞቹን ስጠራ እያንዳንዱ ሰው ስሙ ሲነሣ በጅራፍ እንደ ተመታ ሽምቅቅ ይል ነበር። ከሦስቱ ገበሬዎች አንዱ ወደ እኔ ቀና ብሎ አየኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ የገረመው ነው የሚመስለው።

ከዚያ በአውራ ጣት ፈርሙ ተባለ። የመጀመሪያዋ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳርፈው ወረቀቱ ላይ አተሙ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ሲጠርጉት ነጠላው ወይን ጠጅ ሆነ። ሁለተኛዋ እናቴ ነበረች።

እናቴ ማንበብ ትችላለች። ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። ጽሕፈቴን እንደ ፊቴ ታውቀዋለች። ወደ እኔ አልዞረችም።

«ልጄ» አለችው ሊቀመንበሩን፣ «ማንበብ የሚወድ ሰው ቤት ቢያገኝ ደስ ይለኛል። እኔም እፈርማለሁ። እዚህ ላይ በገዛ ፈቃዳችን የሚለውን ሰርዙና በግድ ብላችሁ ጻፉልኝ። ያን ጊዜ አሥሩንም ጣቴን ላትም።»

ሊቀመንበሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እትዬ፣ ይህ ቀልድ አይደለም» አላት። «አይደለም» አለችው እሷም።

ያን ጊዜ ወደ መሪጌታው ዞረ። እሳቸውን የጠራቸው ለምስክርነት ነበር፤ ካቶሊኮችን አምርረው እንደሚቃወሙ አገር ያውቃል። ከአባ ጋር መንገድ ላይ በተገናኙ ቁጥር ስለ ባሕርየ ክርስቶስ ሲከራከሩ ፀሐይ ትጠልቅባቸው ነበር።

«አባት፣ እርስዎ ስለ እነዚህ ሰዎች ስሕተት ብዙ ጊዜ ተናግረዋል» አላቸው። «እንግዲህ በምስክርነት ይፈርሙልን።»

መሪጌታው መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ለማኅሌት የተሠራ ነው።

«እውነት ነው፤ ተሳስተዋል» አሉ። «ይህን በፊታቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገም እነግራቸዋለሁ። ክርክር ግን ሁለት አፍ ይፈልጋል። አንተ የአንዱን አፍ ለጉመህ ረተዋል ብትለኝ አልቀበልህም። ደግሞስ ዛሬ በእነሱ በር ላይ የሚመታው ቁልፍ ነገ የማንን በር እንደሚዘጋ ታውቃለህ? ሰው ወዶ ያልሰጠውን ወዶ ሰጠ ብዬ ከመሰከርሁ፣ እኔ ለአንተ ያስተማርሁህ ምኑን ነው?»

«የኔታ...» አለ ሊቀመንበሩ።

ጓድ አላለም። ከአፉ አምልጦት የኔታ አለ፤ ሕዝቡም ሰማው። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። ትንሽ ልጅ ሆኖ ነበር፤ ለአንድ አፍታ። ከዚያ ከኋላው የቆመ፣ ከአውራጃ የተላከ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ጻፊ፤ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» አለኝ።

ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ብዕሩን ባስቀምጠው ኖሮስ? እናቴ የተናገረችውን እንዳለ ባሰፍረውስ? መዝገቡ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ መሪጌታው ገና አልተቀመጡም፤ እናቴ ገና ቆማለች።

«በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብዬ ጻፍሁ።

አባን በዚያው ቀን በጭነት መኪና ወደ ጋሸና መለሷቸው። ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም፤ ታስረዋልም፣ ሞተዋልም ተባለ፤ እርግጡን የነገረን የለም። ቤቱ ታሸገ። እናቴን የቀበሌው መጋዘን ውስጥ አሥራ ሦስት ቀን አሰሯት። መሪጌታውን መንካት አልደፈሩም፤ ብቻ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ከለከሏቸው።

ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርሁ። ጫማውን ያወለቀው ጥበቃ ተረኛ ሲሆን ውስጥ ድረስ ያስገባኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን እናቴ ከጆንያዎቹ መካከል ተቀምጣ ያመጣሁላትን ቂጣ ቆረሰችና «ስሜን አሳምረሽ ነው የጻፍሽው» አለችኝ። ለማሽሟጠጥ አልነበረም። ለማጽናናትም አልመሰለኝም። አልቅሼ እግሯ ላይ ስወድቅ ቂጣውን ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ እንዳይበላሽ።

ከተፈታች በኋላ ከራሷ ድርሻ ሳሙና ቆርሳ ለመሪጌታው ላከችላቸው። እሳቸውም «ሳሙናው ደርሶኛል፤ ሃይማኖትሽ ግን አሁንም ስሕተት ነው በሏት» ብለው መለሱላት። ያን ቀን ብቻ ስትስቅ አየኋት።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤዬን አተመልኝ። ልቅደደው ብዬ ለእናቴ ነገርኋት፤ «ቀድደሽው ምን ልትሆኚ ነው? ሂጂና ልጅ አስተምሪ» አለችኝ። ከዓመታት በኋላ ደርግ ወድቆ የዚያ ቤት እሽግ ሲነሣ እኔ ደሴ አስተማሪ ነበርሁ፤ እሷ ግን አፈር ከለበሰች ሦስት ክረምት አልፏት ነበር።

ወደ ደሴ ማሠልጠኛው የሄድሁ ዕለት መኪናው ድረስ ሸኝታኝ ነበር። ገበያው አጠገብ ነበር የሚቆመው፤ ሰው ሞልቷል፤ ጥበቃዎቹም ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ጓዜ ተጭኖ፣ ልወጣ እግሬን ሳነሣ፣ እናቴ ነጠላዋን ገፋ አድርጋ በአውራ ጣቷ ግንባሬ ላይ ሰፊ መስቀል ታማትብልኝ ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ ሕዝብ እያየ፣ ቤታችን ከታሸገ ጀምሮ ማናችንም በአደባባይ ያላደረግነውን።

እኔም ማን እንዳየን ዞር ብዬ አየሁ።

ፊቴን ስመልስ እጇ ግንባሬ በነበረበት አየር ላይ ቀርቶ ነበር። አቧራ የያዘው ይመስል የአንገት ልብሴን እፍ አለችና፣ አስተካክላ አለበሰችኝ።