የሄዱት ደንበኞች ገጽ

እትየ ሐጅ ሊሄዱ መሆኑን የነገሩኝ አምባዛ እየገፈፉ ነው። "ዘንድሮ ካልሄድሁ ወደፊት ጉልበቴ አይሸከመኝም" አሉ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

እኔ ዓሣ ቤታቸው ውስጥ ትእዛዝ የምቀበል፣ የትኛው ዓሣ ለየትኛው ምግብ ቤት እንደሚሄድ የማደላድል ሠራተኛቸው ነበርኩ። አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ብሎ ከናዝሬት ባሕር ዳር ያመጣን ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሬ ዓሣ ቤት ስገባ እናቴ አኩርፋኝ ሰነበተች። እትየን ብታውቃቸው ኖሮ አታኮርፍም ነበር።

እትየ ከጣና ዳር የእስላም ዓሣ አጥማጆች ቤት የተወለዱ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ሲቆጡ ጀልባዎቹ ድረስ ይሰማል፣ ሲስቁም እንደዚያው። ደንበኞቻቸውን ሁሉ በቃላቸው ነበር የሚያውቁት። ማን አጥንቱ የወጣ ፊሌቶ፣ ማን ሙሉ ቀረሶ ዓሣ እንደሚወስድ፣ ከክርስቲያኖቹም ማን በጾም ዓሣ እንደሚበላ፣ ማን ስሙን እንኳ መስማት እንደማይፈልግ። ይህ ደግሞ ፊት ለፊት የሚጠየቅ ነገር አይደለም፤ ለማይበላው ሰው በሁዳዴ ደውሎ "ትኩስ ቀረሶ ገብቷል" ያለ ሰው ደንበኛውን አስቀይሞ ያርፋል። ሐጁን ለዓመታት ያዘገየባቸውም ይኸው ነው፤ እሳቸው ከሄዱ ያን ሁሉ ሰው ማን አውቆ ይይዘዋል?

አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው መፍትሔ አለኝ አለ። ተሠርቶ ያለቀ፣ በየአገሩ ነጋዴ የሚጠቀምበት የደንበኞች መያዣ ሶፍትዌር አለ፤ ስምና ስልክ አስገብቶ ሥራ መጀመር ነው። እኔ ደግሞ ልቤ ሌላ ጋ ነበር። ፕሮግራም ሳይጻፍ ገጹንና ቁልፉን እየመረጡ እየገጣጠሙ የራስን መተግበሪያ የሚሠሩበት ፕላትፎርም አለ፤ እሱን አግኝቼ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

"አንቺ የሠራሽውን የምትጠግኚው አንቺ ብቻ ነሽ" አለኝ ልጃቸው በስልክ። "ነገ አግብተሽ ጎንደር ብትሄጂስ?"

ልክ ነበር። ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ዝግጁውን ሞከርን፤ ማድነቅ አለብኝ። ከሰዓት በኋላ ጀምረን ሳይመሽ ሥራ ጀመረ። የእትየን ስልክ ቁጥሮች ሁሉ ጎትቶ አስገባ፣ የጥቂት ወራት ሽያጭ ስንሰጠው ማን እንደበረታ ማን እንደቀዘቀዘ በሥዕል አሳየን፣ ጠዋት ጠዋት ለማን መደወል እንዳለብን ያስታውሰን ጀመር። ለጾሙ ነገር እንኳ አንዲት ሳጥን ስንጨምርበት እሺ አለ። የእኔው ገና የተቦካ ጭቃ ነበር። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያልኩ ባጉረመርምም፣ በልቤ ተሸንፌ ነበር።

እትየ ቢላቸውን እንደያዙ አጠገቤ ተቀምጠው የኮምፒውተሩን ገጽ ሲያዩ ቆዩና "ሌሎቹስ?" አሉኝ።

"የትኞቹ?"

"እኔን ትተው የሄዱት።"

ፈለግኳቸው። ሶፍትዌሩ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያልገዛውን ሰው "የጠፋ" ብሎ ከፊት ገጽ አንሥቶ ደብቆታል። ከሥር ደግሞ ቦታ እንዳይዙ ቢሰረዙ ይሻላል የሚል ምክር አለው። ይህን ስተረጉምላቸው እትየ ቢላቸውን አስቀመጡ።

"እኔማ አሁን የምፈልግ እነሱን ነው" አሉ።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የበደለውን ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል፤ ይቅርታ ሳይጠይቁ እዚያ መቆም አይሆንም። ይህን አውቅ ነበር። ከሥራችን ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። "የሚገዛኝማ በየቀኑ ያየኛል" አሉ፤ "ቢከፋውም ይነግረኛል። ያስቀየምሁት ነው ዝም ብሎ የሄደ።" ኮሌጅ የተማርኩት ሁሉ የሚገዛውን ስለማሳደድ ነበር። ዳግም የማይገዛውን ሰው፣ ምንም ሳይሸጡለት፣ ልፈልገው የሚል ነጋዴ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በእውነት ኮራሁባቸው።

ልጃቸው በስልክ "የጠፉትንም እኮ ማውጣት ይቻላል" አለ። ይቻላል፣ አወጣናቸው። ግን የአንዱን ስም በነካን ቁጥር ብቅ የሚለው "ቅናሽ ልከህ መልሰው" የሚል ቁልፍ ነበር።

"ይቅርታ ስጠይቅ ቅናሽ ልላክ?" ብለው እትየ በዚያ ድምፃቸው ሳቁ። ልጃቸውም መሳቅ ጀመረ። "በይ እሺ፣ ያንቺን ሥሪ" አለኝ፤ "ግን እንዴት እንደሚጠገን ለእኔም ታሳዪኛለሽ።" ተስማማሁ።

ገጹን በአማርኛ ሠራሁት። ሲከፈት ፊት የሚመጡት የሄዱት ናቸው። ለምን ሄዱ፣ ጥፋቱ የማን ነበር፣ በስልክ ይጠየቁ ወይስ በአካል፣ መጨረሻ ላይ "አፉ ብለዋል" የምትል ቁልፍ። እትየ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ለራሳቸው ሲያደሉ አላየሁም። እኔ ላለዝብላቸው ስሞክር "እኔ ነኝ ያጠፋሁ ብለሽ ጻፊ" ይሉኛል። ሐሙሲት ያለ ሻይ ቤት ባለቤት፣ ቆላ ድባ የተዛወረ አስተማሪ፣ ሌሎችም፤ አብዛኛው በስልክ "አፉ ብያለሁ፣ በሰላም ይመለሱ" አለ። ከቁልፏ አጠገብ ምልክቱ ሲበዛ የእሳቸውም ፊት እየፈካ ሄደ።

አንዲት ሴት ግን ስልክ አላነሣ አለች። ከሐይቁ ዳር ምግብ ቤት አላት፤ ድሮ ትልቋ ደንበኛችን ነበረች። አንድ ቀን የላክንላት ዓሣ ተበላሽቶ ብትመልሰው እትየ እንግዶቿ ፊት ሄደው "ዓሣ መያዝ ሳትችይ ምግብ ቤት ትከፍቻለሽ!" ብለው ጮኹባት። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ጉዞው ደርሶ ነበርና መልእክት ልጻፍላት ብዬ ጠየቅኩ።

"የሰው ፊት እሳት ነው" አሉ እትየ። "ቢሆንም ፊት ለፊት ነው የሚጠየቅ።"

በባጃጅ ሄድን። ምሳ ሰዓት ነበርና ቤቱ ሞልቷል። ሴትዮዋ ስታየን ሳህን ይዛ ባለችበት ቆመች። እኔ ወደ ጓሮ የሚጠሯት መስሎኝ ነበር፤ እትየ ግን መሐል ወለል ላይ ቆሙ።

"ያዋረድሁሽ እዚሁ፣ ሰው ፊት ነው። መብራት ጠፍቶ ዓሣው የተበላሸ እኔ ቤት ነበር። እያወቅሁ ነው ባንች ያላከክሁት። አፉ በይኝ።"

ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየ። ሴትዮዋ ሳህኑን አስቀመጠች።

"መቼ ነው የሚነሡ?"

"ከጁምዓ በኋላ፣ ኢንሻአላህ።"

"ይቅር ብያለሁ፣ እትየ። ዓሣ ግን አልገዛዎትም፤ ሌላ ደንበኛ ይዣለሁ።"

"ማን ግዥኝ አለሽ!" አሉ እትየ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ባጃጅ ልንሳፈር ስንል ሴትዮዋ ተከትላን ወጣች። እጇን በሽርጧ እያደረቀች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እዚያ ሲደርሱ ለእኔም ይጸልዩልኝ" አለች። እትየ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለጸሎት የሚሆን ግን የክርስትና ስሜ ነው" ብላ ጆሯቸው ሥር አንሾካሾከች። ስለ ምን እንዲጸልዩላት አልነገረችም፣ እትየም አልጠየቁም።

ባጃጁ ውስጥ እንደገባን "ያ የሠራሽው ነገር ለክርስትና ስም ቦታ አለው?" አሉኝ።

"የለውም።"

"አውጭለት።"

ሱቅ ሳንደርስ ስልኬ ላይ አወጣሁለት። ወሬው ተሰማ መሰለኝ፣ በቀሩት ቀናት ዓሣ ሊገዙ የመጡት ክርስቲያኖችም ስማቸውን እየሰጡን ሄዱ፤ አንዳንዱ የልጁን፣ አንዳንዷ የታመመች እናቷን። ከሊቅ እስከ ደቂቅ የሚባል ነው። እትየ ሁሉንም "አስገቢ" ይሉኛል።

ሊነሡ ሲሉ ገጹን ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት አድርጌ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው በአውራ ጣታቸው እስከ ታች ወረዱ፣ እንደገና ወጡ።

"ያንችስ?" አሉኝ።

"እኔ ደንበኛ አይደለሁም።"

"እኔ የማስቀይም ደንበኛ ብቻ መሰለሽ? በእኔ ቁጣ እያለቀስሽ ቤትሽ የገባሽበትን ቀን የማላውቅ ይመስልሻል?" ድምፃቸው ትንሽ ሆነብኝ። "አፉ በይኝ፣ ልጄ። ስምሽንም ንገሪኝ።"

አፉ ብያለሁ አልኩ። ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር ማንም የማያውቀውን ስም ነገርኳቸው። ልጻፍልዎት ብዬ እጄን ስዘረጋ ስልኩን ወደ ደረታቸው ሳቡት፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ በአንድ ጣታቸው፣ ራሳቸው ጻፉት።