ለእሷ ብቻ የተከፈተው በር

በልብስ ስፌት ቤቱ ሁሉም «እትዬ ካውያ» ነው የሚሏት። የተሰፋው ሸሚዝ ሁሉ በእሷ እጅ ሳያልፍ አይታጠፍም። እንፋሎቱ ፊቷን አወይቦታል። ዝምታዋ የበዛ ነውና አጠገቧ የምትቆመው አጣፊ «ከካውያው ጋር ባወራ ይሻለኛል፤ እሱ እንኳ ፉሽ ይላል» እያለች ትተርባታለች። እሷ ፈገግ ብላ ኮሌታዋን ትተኩሳለች።

ቤቷ አንዲት ክፍል ናት። አባቷ ከሞተ፣ ባሏም ከተከተለ ወዲህ ለሁለት በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ትበላለች። ከዓመቱ ሁሉ ብቸኝነቷ የሚጠናባት፣ ደግሞም የምትናፍቀው፣ የአይሁድ ፋሲካ የሚገባበት ምሽት ነው። ያን ምሽት እርሾ ያልነካው ቂጣና መራራ ቅጠል ይቀርባል፤ የቤቱ ትንሽ ልጅ «ዛሬ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ትልቁ ከባርነት የተወጣበትን ታሪክ ይተርካል። ልጅ ሳለች ጠያቂዋ እሷ ነበረች። አባቷ ጀምሮ አይጨርስም፤ በባዕድ አገር ጥጥ የሚለቅሙ ባሮች ታሪኩን የራሳቸው አድርገው እንደ ዘመሩት፣ በየአገሩ ለነጻነት የታሰሩ ሰዎች እንደ ተጽናኑበት ይነግራታል። «ደግሞ ሁሉም ነው የወጣው፤ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ በጉም ሳይቀር» ሲላት በበጉ ትስቃለች። ልማዱ ጠያቂ ያጣ ሰው ራሱን ይጠይቅ ይላልና አሁን ድምጿን አቅጥና ትጠይቃለች፤ አወፍራ ትመልሳለች። አንዳንዴም ታንጎራጉራለች፤

ጠያቂው ቢጠፋ መላሽ ሆኜ ቀረሁ፣
እኔው ተናግሬ እኔው አዳመጥሁ።

ስፌት ቤቱ ሥራ ሲጀመር ከውጭ ይቆለፋል። አለቃው «ሸሚዝ እግር አለው» ባይ ነው። በቅርቡ አጣፊዋ በሙቀቱ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ፣ ቁልፉን የያዘው ጥበቃ ከምሳ እስኪመለስ ሴቶቹ በሩን በመዳፋቸው ሲደበድቡ ቆዩ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም አጉረመረመ፤ የልጅ ጉሮሮ አለና ለአለቃው ግን ማንም አልተናገረም።

የፋሲካው ዕለት እትዬ ካውያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ እንድትደርስ አለቃውን ለመነችው።

«ለአንቺማ እከፍታለሁ፣ እትዬ። ሌላዋ ብትሆን አላደርገውም» አላት።

ሰዓቱ ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ። ንፋሱ ፊቷን ዳሰሰው። አንድ እግሯን አወጣች። አጣፊዋ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። እትዬ ካውያ ዛሬ ማታ የምትተርከውን አሰበች። በሌሎቹ ላይ አስቆልፋ ብቻዋን የወጣች ሴት ያን ታሪክ በምን አፏ ትጀምረዋለች? ምሽቱ ግን በዓመት አንዴ ነው፤ ከአባቷም የቀራት እሱ ብቻ።

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆነሻል?» አለ አለቃው።

«ወይ በሩ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ወይ እኔም እዚሁ ልሁን።»

«ቤትሽ በዓል ነው አላልሽኝም?»

«ነው።»

«ታዲያ ማን ይጠብቅሻል?»

«ማንም።»

ፀሐይ ጠለቀች። ከሴቶቹ አንዷም መጥታ አጠገቧ አልተቀመጠች፤ ማሽኖቹም ማጓራታቸውን አላቆሙ። አለቃው ጎትቶ እንዳያስወጣት አፍሮ፣ እንዳይዘጋው ተቸግሮ ይንጎራደዳል። ሥራው ሲያልቅ ሴቶቹ አንድ በአንድ አልፈዋት ወጡ። አንዳንዷ «ይቅርታ» አለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ።

«ነገ እንዳትመጪ» አላት አለቃው በለሆሳስ።

ቤቷ ስትደርስ ቂጣው እንደ ተሸፈነ ነው። ለመጠየቂያ የሚሆን ድምፅ አጣች። ብቻ ቆርሳ በላች።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አጣፊዋ ቤቷን አጠያይቃ መጣች።

«መቆለፉን ትቶታል» አለች ገና ሳትቀመጥ። «በማግስቱ እኔ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀጥሎ ሌላዋ። ስንቱን ያባርር?»

«ንፋሱ ይገባል?»

«ይገባል ትያለሽ? ይጠራርገናል እንጂ። ይኸው ሁለቱ ጉንፋን ይዟቸው ‹ድሮ ይሻለን ነበር› ይላሉ።»

እትዬ ካውያ ሳቀች፤ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ። «እነዚያም ከባርነት በወጡ ማግስት ያሉት ይህንኑ ነው» አለች። ቀጥላም «ስለ እኔስ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

አጣፊዋ መሬት መሬት አየች። «ካውያው ላይ ሌላ ሴት አስገብቷል።»

«ጎበዝ ናት?»

«ኮሌታ ታቃጥላለች።»

«ኮሌታው ላይ አትቆይበት በያት» አለች እትዬ ካውያ። «ነካ አድርጎ ማለፍ ነው።»