ሦስት ሜትር ከሃያ

ቅዳሜ ጠዋት... በአንድ እጄ ካተር፣ በሌላው ሜትር ይዤ ሳሎናችን መሃል ተንበርክኬያለሁ። ዛሬ ወይ እኔ ወይ ይሄ ምንጣፍ ብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከተበላ ከተማ መጥተው ሶዶ እኛ ጋ ነው ያረፉት። የድሮው ምንጣፍ በሩ ጋ፣ ከኮሪደሩ ሴራሚክ ጋር የሚገናኝበት ጠርዙ ተተርትሮ ነበርና እግራቸውን ያዛቸው፣ ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን አልተሰበሩም። ከዚያ ወዲህ ግን ግድግዳ እየደገፉ ነው የሚሄዱት። ሐሙስ ዕለት ጭራሽ ባሌን «ቤቴ መልሰኝ» አሉት... ሕክምናው ሳያልቅ።

አዲስ ምንጣፍ ገዛሁ። አንጣፊው «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» እያለ ቀለደብኝ። ባሌ ለሥራ ሻንቶ ሄዷል። በቃ፣ ራሴ ገባሁበት።

የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ሥር ዞኮሎው ላይ ያዝኩ። አማቴ ካላገዝኩ ብለው ሌላውን ጫፍ በሩ ጋ ሴራሚኩ ላይ ያዙልኝ።

«እማዬ፣ ሦስት ሜትር ከስንት ነው?»

«ሃያ።»

«ሃያ?»

«ሃያ፣ ሃያ» አሉ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ። እንዲህ እርግጠኛ ከሆኑማ ብዬ ግቢ ወጣሁና ሦስት ሜትር ከሃያ ላይ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት።

አምጥቼ ዘረጋሁት። በዞኮሎው በኩል ልክክ አለ። በሩ ጋ ስደርስ... አንድ ስንዝር ባዶ ሲሚንቶ። ክው አልኩ። ይሄ ከድሮው የባሰ እግር ይይዛል።

«እማዬ፣ ሃያ ብለውኝ አልነበር?»

እሳቸውም ግራ ገብቷቸው «መቼ መጣህ?» አሉኝ። (ሴት ነኝ፣ በእሳቸው አማርኛ ግን ሁሌም «አንተ» ነኝ።) «ዓይኔ ቁጥር አያይም። ሃ ያ አልኩህ። ና፣ አንተ እይ አልኩህ።»

ለካ በወላይትኛ ነው የሚጠሩኝ። «ሃ ያ»... ወደዚህ ነይ። በየቀኑ የምሰማው ቃል እኮ ነው። ሜትር የያዘ ሰው ግን ከቁጥር ሌላ አይሰማም መሰለኝ።

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ግን እንዲህ ሆኖማ አያድርም። ከተራፊው ቁራጭ አወጣሁ፣ አሁን ልኩን ራሴ ሄጄ እያየሁ። የምንጣፉን ፀጉር በአንድ አቅጣጫ አስተኝቼ፣ በማስቲሽ ለጥፌ፣ መጋጠሚያውን በጉልበቴ ተጫንኩት። ከሴራሚኩ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ደግሞ በአሉሚኒየም ከድኜ በብሎን አሰርኩት። ጣቴን ሳስኬድበት ምንም አልያዘኝም።

ሲደርቅ ሳሎኑ መሃል ቆምኩና፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባል አይባል ሳላውቅ፣ «እማዬ፣ ሃ ያ» አልኳቸው።

ሳቁ። በእግራቸው ጣት ጠርዙን ዳሰስ አደረጉት... ከዚያ ግድግዳውን ለቀው መጡ።

«ጎበዝ ነህ» አሉኝ።

ወደ ተበላ የመመለሱ ወሬ ቀርቷል። ባሌ መጋጠሚያውን እስካሁን ልብ አላለውም... እናንተም ዝም በሉ።