ሥራ ማስቆም የሚፈቅዱት አጎቴ
ለቅሶ የደረሰ ሁሉ «የጃፓን መኪና ወዳጅ ነበሩ» ይላል። አልነበሩም፤ አጎቴ የወደዱት የጃፓኖችን አሠራር ነው። ሐይቅ ከተማ ባለው ጋራዣቸው «አሜሪካ አለቃ ያስባል፣ ሠራተኛ ይታዘዛል፤ ጃፓን ግን ብሎን አጥባቂውም ስህተት ካየ ሥራ ያስቆማል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን መካኒካቸው ሰይድ «አባባ፣ ያቁሙ! ፍሬኑን አዛብተው ገጠሙት» ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸውም መፍቻውን አስቀምጠው «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ሳልገድል ያዝከኝ! ምላስህ ከእጅህ ይፈጥናል፤ ና፣ ምን እንዳሳሳተኝ አብረን እንይ» አሉት።

አሁን ጋራዡን የያዘው ከሳዑዲ የተመለሰው ልጃቸው ነው። «አለቃ አንድ ነው» ስለሚል ሰይድ ዝም ብሏል፤ የአጎቴ መሞት የሚሰማኝም በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። እዚያ ጋራዥ በተሠራ ፍሬን የአምባሰልን ቁልቁለት የምትወርዱት ግን እናንተ ደንበኞቹ ናችሁ። መኪናችሁን ስትረከቡ፣ ልጃቸው እየሰማ፣ ሰይድን «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት።